የስቱዲዮ አንድ ዝምታ

ሽማግሌው መምህር የሞቱት ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው ሳያወልቁ ነው።

የኮሌጁ የጽዳት ሠራተኛ ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የስቱዲዮ ሁለትን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። እንቅልፍ የጣላቸው መሰላት። "ጋሼ፣ ኧረ አንገትዎን ያምዎታል" ብላ ትከሻቸውን ነካ ስታደርግ እጇ ረጠበ። ጮኸች። ግን የዚያ ክፍል ግድግዳ ድምፅ እንዳያስወጣና እንዳያስገባ ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ነውና፣ ሮጣ ኮሪደሩ ላይ እስክትወጣ ድረስ ጩኸቷን የሰማ ከራሷ በቀር አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ሃምሳ ለመሙላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲያናግራት ፊቷን ወደ ግራ ዞር አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን የምትሰጥ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ይህን አመሏን ኩራት ነው ይሉታል። እውነቱ ሌላ ነው። ግራ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አለቃዋ ኮማንደሩ ይህን ቢያውቅ በማግስቱ መዝገብ ቤት እንደሚያስቀምጣት ታውቃለችና ለእናቷ ልጅ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ክፍሉን በዝግታ ዞረችው። ሟቹ የተመቱት ከኋላ ነው፣ በማይክሮፎን ማቆሚያ የብረት እግር። ብረቱ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ በጨርቅ ተወልውሏል። ሲያዳምጡበት የነበረው መቅረጸ ድምፅ የካርድ መክተቻው ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። ከበሩ በላይ በሽማግሌው የእጅ ጽሕፈት "ዝም አይነቅዝም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በኮት ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ነበረች፤ የመጨረሻው ገጿ ላይ እንዲህ ይላል፦

12 ያው። 17 ያው። 23 ያው። 31 ያው።

የመጨረሻው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

"ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው" አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። "ምቱን የሰሙትም አይመስለኝም።"

*

ኮማንደሩ ነገር ማንዛዛት አይወድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ይዞ ነበር።

የተያዘው የኮሌጁ ቴክኒሺያን ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ኪሱ ከመፍቻና ከቁራጭ ሽቦ ስለማይለይ "ሽቦ" የሚሉት ዝምተኛ ሰው። የስቱዲዮ ሁለት መለዋወጫ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌው ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ የት እንደነበረ ያየው ሰው የለም።

"ከሦስት እስከ አራት የት ነበርክ?" አለው ኮማንደሩ።

"ጣ-ጣ-ጣሪያ ላይ።"

"ጣሪያ ላይ? ድመት ነህ እንዴ? ምን ትሠራለህ ጣሪያ ላይ?"

ሽቦ አቀረቀረ። ጆሮው ድረስ ቀላ። አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው።

"አየሽ?" አለ ኮማንደሩ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሮ። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ንጹሕ ሰው እንዲህ ይንተባተባል?"

"ሲወለድም እንዲህ ሊሆን ይችላል እኮ ጌታዬ።"

"አዎ ወይም አይደለም በል ብቻ። ተጣልታችኋል? ቁልፉ አንተ ጋ ነው? ያየህ ሰው አለ?"

ሽቦ ለሁለቱ "አዎ"፣ ለመጨረሻው "የ-የለም" አለ። ከዚያ ፖሊሱ ሊያስወጣው ክንዱን ሲይዘው በድንገት ቀና ብሎ ወደ ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አለና የሆነ ነገር ተናገረ። በግራዋ በኩል ነበር። ያየችው የከንፈሩን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ድገመው እንዳትለው ኮማንደሩ ፊት ለፊት ቆሟል። እንደሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀችለትና ወሰዱት።

"አርባ ስምንት ሰዓቱ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል" አለ ኮማንደሩ። "ያኔ መዝገቡን በግድያ ወንጀል ወደ ዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ። የሚጨመር ካለሽ እስከዚያ አምጪ።"

ስትወጣ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት በፌስታል የታጠፈ ሸሚዝ ይዘው ተቀምጠዋል። የሽቦ እናት ናቸው።

"ልጄ፣ እሱ እኮ ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል" አሏት። "ቸኩለው ከጠየቁት ሁሉን አዎ ብሎ ነው የሚገላገለው። ልጅ ሆኖም ያልሰበረውን ብርጭቆ ሰበርኩ ብሎ ተገርፎልኛል። እባክሽ አትቸኩሉበት።"

ኢንስፔክተሯ ልጃቸው ያላትን እንዳልሰማች መናገር ይገባት ነበር፤ አፈረች፤ በዚያው ሄደች።

*

የኮሌጁ የሬዲዮ ትምህርት ክፍል ሁለት ስቱዲዮ አለው። ስቱዲዮ ሁለት ምድር ቤት ያለው አሮጌው ነው። ስቱዲዮ አንድ ፎቁ ላይ ያለው አዲሱ ነው፦ ምንጣፍ፣ ድርብ መስታወት፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ አየር ማቀዝቀዣ። ከበሩ በላይ ቀይ መብራት አለ። ቀዩ ሲበራ ሰው እየቀዳ ነው ማለት ነውና ዲኑም ቢሆን በሩን አይነካም። በሩ ፊት ለፊት ጸሐፊዋ ተቀምጣለች፤ የኮሌጁ ወሬ ሁሉ ግብሩን ከፍሎ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው።

"በጆሮዬ ነው የሰማሁት!" አለች ደረቷን ይዛ። "ሰኞ ደብዳቤ ላደርስላቸው ወረድኩ፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ያ ሽቦ 'ዛሬ ከእጄ አታመልጥም!' እያለ ይጮሃል። ደብዳቤውን ይዤ ተመለስኩ። እግዜር አወጣኝ!"

"ሳይንተባተብ ነው ያለው?"

"ኧረ ጥርት አድርጎ! እንዲያውም እንዲህ ያለ ድምፅ አለው እንዴ ብዬ ነበር።"

ኢንስፔክተሯ ይህን ጻፈችው። "ማክሰኞ ከሦስት እስከ አራት ማን ነበር እዚህ ፎቅ ላይ?"

"እኔና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ። እሱ ቀይ አብርቶ ስቱዲዮ አንድ ነበር፣ ከሦስት በፊት ገብቶ ከአራት በኋላ ነው የወጣው። ቀይ በርቶ ደግሞ የሚገባም የሚወጣም የለም።"

ኃላፊው የሽማግሌው የቀድሞ ተማሪ ነው። በድምፁ ምክንያት ማር ምላስ ይሉታል፤ እሱ ግን አያውቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አርብ ዕለት የኮሌጁ ዲን ሆኖ ሊሾም ቀኑ ተቆርጧል። ለማዕረጉ ያበቃው የዶክትሬት ሥራው "ሃምሳ አዛውንት ከሃምሳ መንደር" የተባለ የድምፅ ስብስብ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል።

"አባቴ ነበሩ ማለት ይቻላል" አለ ማር ምላስ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልቅሶው የውሸት አይመስልም። "መናገር ብቻ አይደለም፣ መተንፈስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

"ማክሰኞ ምን እየቀዱ ነበር?"

"ለፈተና የሚሆን ትረካ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ።" ካርድ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። "ጥሬውን ነው የምሰጥዎት፣ አልነካሁትም። መቅጃው ራሱ ሰዓት ይመታበታል። ይመልከቱት።"

ተመለከተችው። ማክሰኞ፣ ከሦስት ሰዓት ከአምስት እስከ ሦስት ከአርባ። አመስግናው ስቱዲዮ አንድን ዞር ዞር ብላ አየችው። ቀዩ መብራት የሚበራው በተራ የግድግዳ ማብሪያ ነው። በስተኋላ በኩል ደግሞ ወደ ውጭው የብረት ደረጃ የሚያስወጣ የአደጋ ጊዜ በር አለ። በር ግን በሁሉም ቤት አለ፤ በር ስላለ ሰው አይታሰርም። የሰዓቱ ምልክት ግን እንደ ግንብ ቆሞባታል።

*

ረቡዕ ጠዋት ቁጥሮቹን ይዛ ሮጠች። 12፣ 17፣ 23፣ 31። የተማሪ ውጤት መሰሏት ነበር። ሽማግሌው በውጤት እንደማይቀልዱ፣ ባለፈው ወር አንዲት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ጥለው እንባ በእንባ እንዳደረጓት ጸሐፊዋ በደስታ ነግራታለች። ልጅቷን ከመመገቢያ አዳራሹ አስጠራቻት። ትከሻዋ ላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል ያደረገች፣ ዓይን አፋር የማትባል ልጅ ናት።

"አዎ ጥለውኛል" አለች። "ይገባኝ ነበር። የገበያ ቃለ መጠይቅ አምጪ ሲሉኝ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ቀድቼ፣ የገበያ ጫጫታ ከኋላ ለጥፌ አመጣሁ። አንዴ ሰሙትና 'አልጋሽ ሲጢጥ ይላል' አሉኝ።"

ኢንስፔክተሯ ሳታስበው ሳቀች። "በምን አወቁ?"

"በዝምታው ነዋ! እዚህ ስንማር መጀመሪያ የምንማረው እሱን ነው። ማንኛውንም ነገር ከመቅዳታችን በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብለን ክፍሉን እንቀዳለን። ማንም አይናገርም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። በኋላ ድምፁ ሲቆራረጥ መጠገኛ ይሆናል። ክፍል ሁሉ የራሱ ዝምታ አለው። ሌሎቹ መምህራን ለመጠገኛ ይሉታል፤ ጋሼ ግን ቁጭ ብለው ያዳምጡት ነበር። እኛ 'ጋሽ ዝምታ' የምንላቸው ለዚያ ነው።"

"ሁሉም ተማሪ ይህን ያደርጋል?"

"እሳቸው ያስተማሩት ሰው አለማድረግ አይችልም። እጅ ይለምደዋል። ግን ማንም መልሶ አይሰማውም። 'ትቀዱታላችሁ እንጂ አትሰሙትም' ይሉናል ሁልጊዜ።" ልጅቷ ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች። "ይሉን ነበር።"

"እነዚህ ቁጥሮች ውጤት ናቸው?"

ልጅቷ የሽማግሌውን ደብተር አየችና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። "ጋሼ ውጤት በቁጥር አይጽፉም። ቁጥር የሚሰጡት ለቀረጻ ነው። አሥራ ሁለተኛ ቀረጻ፣ አሥራ ሰባተኛ ቀረጻ።"

ልጅቷ ማክሰኞ ከሦስት እስከ አራት ከሠላሳ ተማሪ ጋር ክፍል ውስጥ ነበረች። ኢንስፔክተሯ ለዚህ አልተከፋችም። በእጇ የያዘችው ከተጠርጣሪ የሚሻል ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

*

ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ ወጣች። ደረጃው ያስለከልካል። ከአንቴናው ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ አለ፤ መቀመጫ ነው። ጎማው ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ የተጫነው የወረቀት ክምር አገኘች። በታይፕ የተጻፈ ዜና ነው። በየመስመሩ ላይ በእርሳስ ትንንሽ ጭረቶች ተጭረዋል፤ አጠገባቸው "እዚህ ተንፍስ"፣ "አትቸኩል፣ ማንም አያባርርህም" የሚል የሽማግሌው ጽሕፈት አለ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የድራማ ናቸው። የሰኞ ቀን ተጽፎባቸዋል። በሁለተኛው ገጽ መካከል፦ "ዛሬ ከእጄ አታመልጥም!" ከጎኑ በእርሳስ፦ "ጩህ! ከሆድህ!"

ኢንስፔክተሯ ጎማው ላይ ተቀመጠች። ያ ሰው ዜና ማንበብ ይመኛል። ሰው እንዳይስቅበት ሰማይ ሥር ብቻውን ያነባል። ሽማግሌው ደግሞ በድብቅ እያስተማሩት ነበር። ይህን ኮማንደሩ ፊት ከመናገር ገዳይ ተብሎ መታሰርን መረጠ። አዘነች፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለራሷም። እሷም እኮ የምትደብቀው አላት።

ኮማንደሩ ወረቀቶቹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። "ጥሩ ነው፤ ይዋደዱ ነበር እንበል። የሚዋደዱ ሰዎች አይገዳደሉም? ጣሪያ ላይ ስለመኖሩ ምስክሩ ማን ነው፣ እርግብ?"

"ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ሽቦን ወደ ኮሌጁ ልውሰደው።"

"ለምን?"

"መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል።"

"ተጠርጣሪሽን ባለሙያ አድርገሽ! ድመትን የሥጋ ጠባቂ ማለት ይህ ነው።" ቢሆንም ፈረመላት። "ዘጠኝ ሰዓት፤ ደቂቃ አልጨምርም።"

*

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሽቦ አንድ እጁ ከአንድ ወጣት ፖሊስ ጋር ታስሮ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጧል። የ"ሃምሳ አዛውንት" ጥሬ ቀረጻ ኮፒ እዚያ ይቀመጣል፤ የኮሌጁ ደንብ ነው። ቁጥሮቹን እያየች 12ን አስከፈተችው።

ሽቦ ማዳመጫውን አጠለቀ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደዚህ ሆኖ ስታየው ሌላ ሰው ነው፤ ትከሻው ይወርዳል፣ መንተባተቡም ከፊቱ ይጠፋል። 17ን ሰማ። 23ን ሰማ። 31 ላይ ማዳመጫውን አወለቀ።

"አራቱም አ-አንድ ክፍል ናቸው።"

"ሽፋኑ ላይ እኮ አንዱ የወንዝ ዳር መንደር ነው፣ አንዱ ተራራ ላይ ነው ይላል።"

"ወንዝ የለም። ከሰውየው በፊት ያለው አንድ ደቂቃ ውስጥ የ-የሚሰማው አየር ማቀዝቀዣ ነው። ቀጭን ፉጨት አለው። የ-የስቱዲዮ አንድ ነው። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ፉጨቱን ላጠፋው አልቻልኩም።"

ኢንስፔክተሯ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣለች። አራት መንደር የተባለው አንድ ክፍል ነው። አዛውንት የተባሉትም ለንባብ የተቀጠሩ ሰዎች ይሆናሉ። ሽማግሌው የተማሪያቸውን ሥራ ሰው ሁሉ ካለፈው ቦታ፣ ከዝምታው ጀምረው ሰምተውት ነበር። አርብ ዲን የሚሆነው ሰው ሊያጣ የሚችለው ነገር ሁሉ በዚያች የኪስ ደብተር ላይ በአራት ቁጥር ተጽፏል።

"ምክንያት አገኘሁ" አለች ለራሷ ያህል። "ግን ሰውየው ፎቅ ላይ ነበር። ሰዓት የተመታበት ቀረጻ ሰጥቶኛል።"

"የመቅጃ ሰዓት እ-እንደ እጅ ሰዓት ነው" አለ ሽቦ። "ያዞሩትን ነው የሚያሳየው። ሁለት መሣሪያ በገመድ አገናኝቶ የቆየ ቀረጻን እንደ አዲስ መ-መቅዳት ይቻላል።"

"መቻሉ አያስረውም። ማድረጉን ማሳየት አለብኝ።"

በዚህ መሐል የጠረጴዛው መብራት ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ በራ። ኢንስፔክተሯ ምንም አልሰማችም፤ ግን በጫማዋ ሶል በኩል ወለሉ ሲርገበገብ ተሰማት። ጆሮ ከከዳት ወዲህ እግሯና እጇ ብዙ ነገር ይነግሯታል።

"ምንድነው?"

"ጄኔሬተሩ ነው። ከስቱዲዮ አንድ ጀርባ ነው ያለው።"

ብድግ አለች። ፖሊሱንና ሽቦን አስከትላ ወደ ጥበቃው ወረደች። ጥበቃው ጄኔሬተሩ በተነሳና በጠፋ ቁጥር በትልቅ መዝገብ ላይ የሚጽፉ፣ ጽሕፈታቸው እንደ ሰልፍ የተደረደረ ጡረተኛ ናቸው።

"ማክሰኞ? ማክሰኞማ አትንገሪኝ" አሉ። "ከሁለት ተኩል እስከ አምስት መብራት የሚባል አልነበረም። ይኸው፣ ተጽፏል።"

"አየር ማቀዝቀዣው በጄኔሬተር ይሠራል?"

"የቱ? የፎቁ? እሱን ቢሸከም ይፈነዳል እንጂ! ለመብራትና ለመሣሪያ ብቻ ነው።"

ሽቦ ቆሞ ቀረ። ገባው። የታሰረ እጁን ረስቶ ደረጃውን ሲሮጥ ፖሊሱን ጎትቶት ወጣ።

ስቱዲዮ አንድ ውስጥ ጄኔሬተሩ እየሠራ ማይክሮፎኑን ከፈተው። የድምፅ መለኪያው መርፌ ማንም ሳይናገር ከዳር እየተነሳ ይንቀጠቀጣል። ኢንስፔክተሯ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ እንጨቱ እንደ ታመመ ሰው ይርዳል። አየር ማቀዝቀዣው ሞቷል። ከዚያ ማር ምላስ የሰጣትን ካርድ ከተቱ። ከትረካው በፊት፣ እጁ እንደለመደው፣ አንድ ደቂቃ ዝምታ አለ። መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገች። ምንም አይርድም። መርፌው ተኝቷል።

"ምን ይሰማሃል?"

ሽቦ ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

"ፉጨቱ" አለ። "አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው። ይሄ ማክሰኞ አይደለም።"

ይህን ሲል አልተንተባተበም። ልብ ያለው ግን አይመስልም።

*

ስምንት ሰዓት ሆነ። ማር ምላስን ስቱዲዮ አንድ አስጠራችው። ኮማንደሩ በመስታወቱ ማዶ፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ ቆሟል፤ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ሰዓቱን ያያል።

"ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው" አለችው ማዳመጫውን እያቀበለችው። "የራስዎን ሥራ እንዲሰሙልኝ ነው።"

"በደስታ።" አጠለቀ። ፈገግ አለ። "ይህ እኮ ገና አልጀመረም። ባዶ ነው።"

"ይስሙት።"

ሰከንዶቹ ሄዱ። አሥር። ሃያ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደነበረ ነው፤ ዓይኑ ግን ከእሷ ላይ ተነስቶ ወደ ጣሪያው፣ ወደ አየር ማቀዝቀዣው መውጫ ሄደ። ሠላሳ። አርባ። የጥበቃውን መዝገብ ማክሰኞ ላይ ገልጣ ፊቱ አኖረችለት። አነበበ። ማዳመጫውን ሊያወልቅ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ደቂቃው እስኪያልቅ ሰማው።

"ሰማሁት" አለ። ያ ማር የሚባለው ድምፅ ከየት እንደሄደ እንጃ፤ የወጣው ያረጀ ድምፅ ነው። "ሃያ ዓመት ሙሉ ስቀዳው ኖሬ ዛሬ ሰማሁት።"

"መቼ ነው የተቀዳው?"

"እሑድ። ማክሰኞ ስህተቱን አርሜ ቀረጻውን ላጸዳ ነበር የገባሁት። ሰው እንዳይረብሸኝ ቀዩን አበራሁ። ከዚያ ደወሉልኝ፤ ና አሉኝ። በአደጋ ጊዜው በር ወረድኩ።" ከንፈሩን ላሰ። "አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻል ነበር። 'ተማሪዬ ነህ፣ እኔ አላጋልጥህም፤ እስከ አርብ ራስህ ተናገር' አሉኝ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። 'ልስማበት' ብለው ማዳመጫቸውን አጥልቀው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሠላሳ አንደኛውን ነበር የሚሰሙት። እኔ እያለቀስኩ እሳቸው ያንን ዝምታ ያዳምጣሉ!"

"ከዚያ ተመልሰው መጡና የእሑዱን በሰዓቱ ልክ አዞሩት።"

ራሱን ነቀነቀ።

"ካርዳቸውስ?"

የመነጽሩን ማኅደር ከፈተ። ከጨርቁ ሥር ጥፍር የምታህል ካርድ አወጣ። "መስበር ነበረብኝ። አልቻልኩም። የተቀዳ ነገር አይጣልም ብለው ነው ያሳደጉን።"

ኮማንደሩ ገብቶ ካቴናውን ራሱ አሰረለት።

*

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮማንደሩ ሪፖርቷን አንብቦ ጨረሰ። ጣቱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመ። "የመርማሪዋ ግራ ጆሮ የማይሰማ ስለሆነ የድምፁ ልዩነት በመሣሪያ፣ በእጅና በምስክር ተረጋግጧል" ይላል።

"ይህን መስመር ልታወጪው ትችያለሽ" አለ ሳያያት።

"የተከሳሹ ጠበቃ ቀድሞ ካገኘው መዝገቡ ሁሉ ይፈርሳል። እንዳለ ይቆይ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"

"ሦስት ዓመት።"

ኮማንደሩ ፈረመ። "መዝገብ ቤት ይበርዳል፤ አንድም መስኮት የለውም" አለ።

"ካፖርት አለኝ ጌታዬ።"

ከቢሮው ስትወጣ እርምጃዋ ቀሎ ነበር። ሽቦ አግዳሚው ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ንጹሑን ሸሚዝ ይቆልፋል። እናቱ እሷን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና ከልጃቸው ፊት ቁጢጥ አለች።

"ማክሰኞ ሲያስወጡህ አንድ ነገር ብለኸኝ ነበር" አለችው። "በግራዬ ነበርክ፤ ያ ጆሮዬ አይሰማም። ድገምልኝ ማለት አፈርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ። አሁን ንገረኝ።"

ሽቦ አፉን ከፈተ። ዘጋው። እናቱ ሊያግዙት ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ኢንስፔክተሯ እጃቸውን ያዝ አደረገች። ቀኝ ጆሮዋን አዞረችለትና ጠበቀች። ስልክ ጮኸ፣ ሰው አለፈ፣ በር ተዘጋ፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

"ጋ-ጋሼ ዘመድ የላቸውም" አለ በመጨረሻ። "ማ-ማን ይቀብራቸዋል? እሱን ነበር የ-የጠየቅኩሽ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ገዳይ ነህ እየተባለ የሚጨነቀው ለዚህ ነበር። ኢንስፔክተሯ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ተነሳች።

"አስከሬናቸው ሆስፒታል ነው" አለችው። "የሚረከብ ሰው እንዲፈርም ይፈልጋሉ። ተነሱ፣ መኪናው ውጭ ነው።"